አርባ ዓመት ያገለገለው ቶማስ

የሆቴል ኢንፋንታ እድሳት አለቀ ተባለና የአንጎላዋ ሎቢቶ ከተማ ቀልቧን ሳተች። ጉድ እኮ ነው! በፊት ለፊት በር ልግባ ያለ ጥቁር የሚገረፍበት ቤት፣ ዛሬ የተገራፊዎቹ የልጅ ልጆች ደጁ ላይ ተገትረው ፎቶ ይነሳሉ። ዶና ቺሎምቦ ግን በዚያ ባለፈች ቁጥር ምራቋን ጢቅ ታደርጋለች። አባቷ ኤፓላንጋ የፖርቱጋሎችን ሻንጣ ተሸክሞ አራት ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ነው ሳንባው ያለቀው። ሊፍቱ ለነጭ ነበር፤ ለነጭና ለነጭ ውሻ።

አንድ ቀን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ኤዴልሲዮ ቤቷ ድረስ መጣ። የምን ዶክተር እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የሆቴሉ ታሪክ የታተመበትን መጽሐፍ በብብቱ ይዟል።

«እማማ፣ እዚህ መጽሐፍ ላይ ያሉት ታማኙ ቶማስ አባትዎ ናቸው አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመሙ! የነሐስ ሰሌዳ እያሠራንላቸው ነው። በምረቃው ዕለት መጋረጃውን እርስዎ ይገልጡልናል።»

«አባቴ የሠራው አሥራ አንድ ዓመት ነው። የሞተውም ታሞ ነው። ስሙ ደግሞ ኤፓላንጋ ነው።»

«መዝገቡ ግን ቶማስ ነው የሚለው።»

«ቶማስማ ጃኬቱ ነው፣ አንተ ጅል!»

እውነቷን ነው። የሻንጣ ተሸካሚው ቀይ ጃኬት ደረቱ ላይ «ቶማስ» የሚል ስም ተጠልፎበት ነበር። ነጮቹ አዲስ ስም ከሚለምዱ፣ የመጣውን ሰው ያንኑ ጃኬት ማልበስ ይቀላቸው ነበር። የመጀመሪያው ቶማስ በግዳጅ ሥራ ወደ ቡና እርሻ ተጋዘ፤ ሁለተኛው ጠፋ፤ ሦስተኛው አባቷ ነበር፤ አራተኛው ሉካምባ። አራት ሰው ጨፍልቀው አንድ ታማኝ አሽከር ጋገሩና ታሪክ ብለው አሳተሙት!

ቺሎምቦ በአንድ ነገር ብቻ እሺ አለች። «የአባቴ ስም ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። እሱ ከሌለ እኔም የለሁም።» ኤዴልሲዮ በእናቱ ስም ማለላት። ሰውየውን ብትንቀውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። አባቷ የተቀበረበት ሜዳ ላይ የወደብ መጋዘን ተሠርቶበታል። በዚህ ምድር ላይ ስሙ የሚጻፍበት ሌላ ቦታ አልቀረም።

በምረቃው ዕለት ሹማምንቱ ከረባት አንቋቸው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው መጡ። አዛውንቱ ሉካምባ ከቺሎምቦ ጎን ተቀምጦ የባሕር ዓሣውን ይሰለቅጣል።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሆዳም! ማን ይቀማሃል?»

«ተይኝ ባክሽ! አሥራ ሰባት ዓመት ሽታውን ብቻ ነው የበላሁት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ በተቀበረ ማግስት ነው ጃኬቱን ያለበሱኝ። ኮሌታው ገና እሱን እሱን ይሸት ነበር። የዚያን ቀን ‹ቶማስ! ቶማስ!› ሲሉኝ ዋሉ፤ አንድ እንኳ ቀና ብሎ ፊቴን ያየ የለም።»

ወዲያው የቺሎምቦ ስም ተጠራ። ወደ መድረኩ ወጣች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥራ አነበበች። «ታማኙ ቶማስ፤ አርባ ዓመት።» ኤፓላንጋ የለም። ዞራ ኤዴልሲዮ ላይ አፈጠጠች።

«አይቆጡ እማማ» ሲል ኤዴልሲዮ በጆሮዋ አንሾካሾከ፤ ጥርሱን ለካሜራው ገልጧል። «ለእንግዶቹ ቶማስ ይቀላል ብለን ነው።»

«ነጮቹም ያሉት ይሄንኑ ነበር» አለችው። «እነሱስ ባዕድ ናቸው። አንተን ምን ነካህ?»

ማይኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«ጎበዝ፣ አባቴን ልታከብሩ ጠርታችሁኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይሄን ሰውዬ እኔ አላውቀውም። ከእናንተ መሃል የሚያውቀው ካለ ይምጣና ይግለጠው።» መጋረጃውን መልሳ ጣለችበትና ወደ በሩ አመራች።

ሉካምባ ሳህኑን አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቶማስ ተብሎ የተጠራው እሱ ነው፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«እኔም አላውቀውም» አለና ተከትሏት ወጣ።