ሽታ የሌለው ቀሚስ

ልጄ አሚራ ቡና ቀማሽ ሆና ተቀጠረች። ጅማ ውስጥ ቡና ለቃሚና ቡና ነጋዴ ሞልቷል፤ ቀማሽ ግን ዝም ብሎ አይኮንም። ቡናው ከመጫኑ በፊት በአፍንጫዋ አሽትታ፣ በምላሷ ቀምሳ፣ ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ አይረባም የምትል እሷ ናት። የእኔ የልብስ ሰፊዋ የፈትያ ልጅ!

የቀማሾቹ ኃላፊ ወይዘሮ ወይንሸት አስቀድመው አስጠንቅቀዋታል። በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሽቶ፣ ቅባት፣ ነጭ ሽንኩርት የሸተተ ደግሞ ከደጅ ይመለሳል፤ አንዷ ከሸተተች የሁሉም ሥራ ይበላሻላ። የመጀመሪያ ቀን የተመለሰች በዚያው ቀረች ማለት ነው፤ ቦታዋን የሚጠብቅ ብዙ ነው።

እኔም ቤቱን ከሽታ ጠብቄ ነበር። ሽንኩርት አላቁላላሁም፣ ቀሚሷንና ሂጃቧን በውሃ ብቻ አጥቤ አስጥቻለሁ። ምን ያደርጋል፣ ሥራ በምትጀምርበት ቀን ማለዳ የአባቷ እህት ፊርዶስ ልትመርቃት ከአጋሮ መጣች። በእኛ ዘንድ ልጅ ለክብር ስትወጣ ዱዓ ተደርጎላት፣ ሽቶ ተረጭቶባት ነው የምትሸኘው። ውሃ ልቀዳ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ፊርዶስ ልጅቷ ላይ ከራስ እስከ እግር ሽቶ አርከፍክፋ፣ የተረፈውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ረጭታ ማሻአላህ እያለች ቆማለች። አሚራ እጅጌዋን እያሸተተች ታለቅሳለች።

ወላሂ ደሜ ፈላ። ያን ዕለት ከአፌ የወጣውን እዚህ አልደግመውም። ፊርዶስ ደንግጣ እኔ ምን አውቄ አለች፤ እውነቷን ነው፣ ያደረገችው በኩራት ነው። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።

ልጄን ጎትቼ ጓሮ አወጣኋት። ሳሙናም ይሸታል፤ የጀሪካኑን ውሃ ገልብጬባት በእጄ ፈተግኳት። ፊርዶስ አጠገቤ ቆማ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለች ልትመክረኝ ሞከረች።

"ያፈሰስሽው አንቺ፣ የምለቅመው እኔ" አልኳት።

አሁን ምን ትልበስ? ቁም ሳጥኑ በሙሉ ሸቷል። ዓይኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። ለደንበኛዬ ለንግስት የሰፋሁት ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ማንም ያልለበሰው፣ ሽቶ ያልነካው። ንግስት ነገረኛ ናት። ትናገረኝ፣ ሌላ እሰፋላታለሁ። ከጣቃውም ጨርቅ ቀድጄ፣ ጫፉን ሳልዘመዝም ሂጃብ አደረግኩላት።

ጎረቤታችን ሸኩር ባጃጁን አስነስቶ ደጅ ይጠብቀን ነበር። ሌላ ሰው እንዳይጭን ነገርኩት። ሽቶው እኔም ላይ ሳይጋባ አልቀረም ብዬ፣ እሷን ከኋላ ብቻዋን አስቀምጬ እኔ ከሸኩር ጎን ተጣበቅኩ። ከሰፈራችን ከጊንጆ መሥሪያ ቤቷ እስካለበት ቦሳ ኪቶ ማሎ ፍጠን፣ እባክህ ፍጠን እያልኩ ጆሮውን በላሁት።

ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እየገፋ ነው። አሚራ ሮጣ ገባች። ወይዘሮ ወይንሸት እዚያው ቆመዋል፤ ጠጋ ብለው አንገቷን አሸተቱ፣ ፀጉሯን አሸተቱ። እንደገና አሸተቷት። ከዚያ ነጩን ጋዎን አቀበሏት።

"ግቢ ልጄ፣ ቡናው ቀርቧል" አሏት።

አልሐምዱሊላህ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ዘበኛው የቤት ልብሴን፣ አንገቴ ላይ የረሳሁትን ሜትር፣ የራሰ እጅጌዬን አየና፣ እዚህ የሚቆመው ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ከበሩ ዘወር በይ አለኝ። የእኔ ቁጣ ለቤቴ ነው፤ በሰው ደጅ ዘወር በይ ሲሉኝ ዘወር እላለሁ። ያን ዕለት ግን አልተነቃነቅኩም።

"የቀማሿ እናት ነኝ" አልኩት።