አሥራ ዘጠኝ መቋሚያ

አባቴ ቃሉን የሰጡኝ በንዴት ነው፤ እኔም የተቀበልኩት በንዴት ነው።

“እነዚህ አሻንጉሊቶችሽ ወፍጮው ከተነሣበት እስከሚዘጋበት አንዲት ቀን ሳይወድቁ ከዋሉ፣ እኔም በተከታዩ እሁድ ሄጄ ማኅሌት እቆማለሁ” አሉ።

“አሻንጉሊት አይደሉም፤ ፊገር ናቸው” አልኩ። “ቃል ደግሞ ቃል ነው። ጋሽ የኔሰው ሰምተዋል።”

ጋሽ የኔሰው የወፍጮው ባለቤት ናቸው። ወፍጮውን ከሱቄ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ወረቀት ሊያስባዙ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበርና ሳቁ። “ሰምቻለሁ፤ ግን ወፍጮዬን ቀስ በል አልለውም” አሉ።

“እንዳይሉት!” አልኩ።

“ታስሮ ወይም ተጣብቆ የቆመ አይቆጠርም” ሲሉ አባቴ ጨመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀዳዳ አይተዉም።

ሱቄ ቢቸና፣ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከጀርባዬ ባለ መስታወት መደርደሪያ አለ፤ አሥራ ዘጠኙ ፊገሮቼ፣ የፊልም ጀግኖች የፕላስቲክ ምስሎች፣ የሚቆሙት እዚያ ላይ ነው። ይቅርታ፣ የሚወድቁት። ስንዝር እንኳ አይሞሉም። ባለ ካባ አለ፣ ባለ ጭራ አለ፣ አንድ ክንፉ የጎደለ አለ፣ ጭንብል ያጠለቀች ሴት አለች። የሚመጡልኝ ከሞጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ አብራኝ የተማረችው ኸይራት እዚያ ከአጎቷ ከይማም ጋር የቦንዳ ልብስ ትሸጣለች፤ የልጆች ልብስ ቦንዳ ሲፈታ ከጃኬት ኪስ ውስጥ የምታገኘውን በአውቶቡስ ትልክልኛለች። ሰይፋቸው ጠፍቶ፣ ጡጫቸው ባዶውን ቀርቶ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላልቶ ነው የሚደርሱኝ። አጥባቸዋለሁ፣ የለቀቀ ቀለማቸውን እመልሳለሁ። ሰው የጣለውን ነገር ቀና አድርጎ ማቆም ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ደግሞ ያናድደኛል።

ወፍጮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል። ያኔ መስታወቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ፊገሮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያ አንዱ ይወድቅና ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። አነሣለሁ። ይወድቃሉ። አነሣለሁ።

አባቴ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ሲባሉ በቢቸና የማያውቃቸው የለም፤ አርባ ዓመት ማኅሌት ቆመዋል። አምና ቤተ ክርስቲያኑ ሴራሚክ ተነጠፈለትና በክረምት በዓል፣ ምእመኑ በጭቃ እግሩ ወለሉን አርጥቦት ሳለ፣ ወረቡ መሐል መቋሚያቸው አዳለጣቸው። ወደቁ። ዳሌያቸው በሦስት ወር ዳነ፤ ሐኪሙም እንደ ልብዎ ይሂዱ አላቸው። እሳቸው ግን ከቤት እስከ ሱቄ፣ ከሱቄ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ብቻ ሆኑ። በሩን ይሳለማሉ፣ ይመለሳሉ። ሰው ሲጠይቃቸው “ወገቤ” ይላሉ። ወገባቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በቤታችን ዜማ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ቃል ለእኔ ቀልድ አልነበረም።

መጀመሪያ በፍል ውኃ ጀመርኩ። የተንሻፈፈ እግር ፍል ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይለሰልሳል፤ አቅንቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲከቱት ቀጥ ብሎ ይደርቃል። እግራቸው ተቃና፤ ቁርጭምጭሚታቸው ግን ያው ልል ነው። ቀጥዬ ከማር ነጋዴ ሰም ገዝቼ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ትንሽ አደረግኩ።

“መጣበቅ ነው” አሉ አባቴ።

“መደገፍ ነው!”

ክርክሩን ፀሐይ ፈረደችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመስኮቱ ስትገባ ሰሙ ላላ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘነበሉና በግንባራቸው ተደፉ። በማግስቱ ደግሞ የማሩን ሽታ ተከትሎ የመጣ ጉንዳን መደርደሪያውን ወረረው። ባለ ጭራውን ሳራግፍ አባቴ ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው። ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ተናድጄም ደስ አለኝ።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው አባቴ “ስንት ናቸው?” አሉኝ።

“አሥራ ዘጠኝ።”

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ቢላዋ እንጨት ሲልግ እሰማለሁ። አንድ ሐሙስ ሱቅ መጥተው ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አሥራ ዘጠኝ መቋሚያ። እያንዳንዱ ከክብሪት እንጨት ትንሽ የሚወፍር፣ ከላይ መደገፊያው ሳይቀር የተቀረጸ፣ የወይራ እንጨት።

“በሁለት እግሩ ብቻ ማን ማኅሌት ቆሞ ያውቃል? ጡጫቸው ባዶ ነው፤ አስይዣቸው” አሉ።

እጃቸውን ሳምኩ። የፊገሮቹ ጡጫ ሰይፍ ለመያዝ የተሠራ ነውና መቋሚያው ልክክ አለ። አሁን እያንዳንዱ ሦስት እግር አለው። ወፍጮው ሲነሣ ግን የመቋሚያው ጫፍ በመስታወቱ ላይ ይንሸራተት ጀመር። እዚህ ደርሼማ አልሸነፍም አልኩ። የተጣለ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለምኜ አመጣሁ፤ እንደ ምስር ፍሬ እያሳነስኩ ቆርጬ ከየመቋሚያው ጫፍ ሰካሁ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ጋሽ የኔሰው ወፍጮውን ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳያጠፉ ፈጩ። መስታወቱ ተርገፈገፈ። ባለ አንድ ክንፉ ስድስት ሰዓት ላይ ትንሽ ዞረ፤ መልሶ ጸና። ወፍጮው ሲዘጋ አሥራ ዘጠኙም ቆመዋል። ጋሽ የኔሰው ዱቄታቸውን እያራገፉ መጥተው ቆጠሩልኝ።

“እሁድ ነገ ነው፣ አባዬ” አልኩ።

“እሺ” አሉ፤ ዓይኔን ግን አላዩም።

ማታ ቤት ስገባ መቋሚያቸውን ልወልውል ብዬ ከበሩ ጀርባ ፈለግኩ። የለም። ሳጥናቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ከላይ እጃቸው የሚያርፍበት የቀንድ ራሱ ብቻ ነው።

“መቋሚያዎ የት ሄደ?”

ዳዊታቸውን ሳይዘጉ፣ “አንቺው ዘንድ ነው። መደርደሪያው ላይ” አሉ።

ለትንሽ ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ያ ሁሉ የወይራ እንጨት ከየት እንደመጣ ገባኝ፤ የላጉት የራሳቸውን መቋሚያ ነው።

“ቃሌን አላጠፍኩም፤ እሄዳለሁ” አሉ። “መቋሚያ ስለሌለኝ ግን በሩን ተሳልሜ እመለሳለሁ። በሰው መቋሚያ አልቆምም።”

“አታለሉኝ!” አልኩ፤ እንባዬ መጣ። “ፈርተው ነው!”

በሕይወቴ አባቴን ፈሪ ብዬ አላውቅም። ዳዊቱን ዘጉት።

“አዎ፣ ፈርቻለሁ። ከመሬት ያነሡኝ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አንዱ ጥምጣሜን ከጭቃ አራግፎ ጫነልኝ። ያን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።”

“ታዲያ እኔን ለምን ረዱኝ?”

“አምስት ሳምንት ሙሉ ስታነሺያቸው አየሁ። አንዴም አልሰለቸሽም። አንቺ እንድትሸነፊ አልፈለግኩም” አሉ። “ለራሴ ግን አልቻልኩም፣ እፀገነት።”

የቀንዱን ራስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። “ነገ ካልሆነ የሚቀጥለው እሁድ ነው” ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሞጣ ወረድኩ። ኸይራት ታሪኩን ስትሰማ ሱቁን ለአጎቷ ትታ ተከተለችኝ። መቋሚያ ከሚሠራው ሰውዬ ዘንድ ከእኔ በላይ የተከራከረችው እሷ ናት፤ ይኼ ቀጭን ነው፣ ይኼ እባጭ አለው እያለች። የአባቴን ቁመት በልብስ ሜትሯ እኔው ላይ ለካች፤ ጭንቅላቴ አባቴ ትከሻ ላይ እንደሚደርስ ነግሬያት ነበር።

“ለአባትሽ ነው?” አላት ሰውዬው፣ ሂጃቧን እያየ ግራ ገብቶት።

“ለአባታችን ነው። ጥሩ አድርገህ ሥራው” አለችው።

የቀንዱን ራስ በአዲሱ ወይራ ላይ ገጠመልን። ከታች ደግሞ ከባጃጅ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ በብሎን አሰርን።

አባቴ ሲያዩት ቀንዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ ላስቲኩ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ። “መቋሚያ ጫማ ያደርጋል እንዴ?”

“ያደርጋል። ይነሡ።”

ጋሽ የኔሰው ቤታቸውን ሲያሠሩ የተረፈ ሴራሚክ አምጥተው የሱቄ ወለል ላይ ዘረጉ። ሙሉ ጆግ ውኃ ደፋሁበት። ጋሽ የኔሰው ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ሄደው ወፍጮውን ባዶውን አስነሡት፤ “ቀስ በል አልለውም ብያለሁ!” እያሉ ከግድግዳው ወዲያ ጮኹ። አባቴ የመቋሚያውን ጫፍ እርጥቡ ላይ አሳረፉ። መጀመሪያ በእጃቸው ተጫኑት። ከዚያ በደረታቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። ከመደርደሪያው አሥራ ዘጠኙ ያዩ ነበር።

መቋሚያው ንቅንቅ አላለም። አባቴ ግን እንደ ጨፈኑ በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ፤ እኔም ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣውን ሰው ዝም እንዲል በእጄ አዘዝኩት።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ በሴቶች በር ገብቼ አሻግሬ አየሁ። ዝናብ አድሮ ስለነበር ወለሉ ረጥቧል። ወረቡ ደርሷል፤ ከበሮው እየከረረ ነው፤ መቋሚያዎቹ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፣ የወለሉ መንቀጥቀጥ እስከ እኔ እግር ድረስ ይሰማኛል። ጥምጣማቸው ከሁሉ ነጭ የሆነው ሽማግሌ ከተማሪዎቻቸው መሐል ናቸው፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ አዘነበልኩ፣ ወደ ግራ ሲመለሱ ተመለስኩ። እስኪያልቅ ድረስ ሁለት እጆቼ እንደ ልማዳቸው ለማንሣት ወደ ፊት ተዘርግተው ነበር። የሚያነሡት አላገኙም።