የገበያ ቀን መቅመቆ

መድኃኒት መማር እንደ ቅኔ አይደለም። ቅኔ ብትሳሳት ጓደኞችህ ይስቁብሃል፤ መድኃኒት ብትሳሳት የሰው ዘመድ ያለቅሳል። እኔ አለበል ይህን ዕውቀት ብዬ ዲማ አጠገብ ከየኔታ ወልደ ሩፋኤል ቤት ገብቼ ሰባት ዓመት ቅጠል ስለቅም፣ ሥር ስወቅጥ ኖርሁ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ እንኳ ወቀጣው አልቆመም።

በየኔታ ቤት ተማሪ የሚመረቀው የመምህሩን መድኃኒት ስለደገመ አይደለም። የራሱን አንድ መድኃኒት አግኝቶ፣ ሞክሮ፣ በሦስት ሊቃውንት ፊት ቆሞ የተጠየቀውን ሲመልስ ነው። ካላለፈ ሁለት ዓመት ይጨምራል። ለእኔ ሁለት ዓመት ማለት የምወዳትን የብርጓልን ማጣት ነበር። አባቷ ቁርጡን ነግረውኛል፤ «ተመርቀህ ና። እስከ ፋሲካ ካልመጣህ ግን ሌላም ጠያቂ አላት።»

የመረጥሁት የእከክ መድኃኒት ነበር። ዓባይ በረሃ ውስጥ በዋሻ የሚያድሩት አርበኞች ጣሊያንን ሲያባርሩ ውለው ማታ እከክ ያባርራቸዋል። አለቃቸው ደምለው፣ «እኔን ጥይት አይገድለኝም፤ የሚገድለኝ የገዛ ጥፍሬ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። የመቅመቆ ሥር አድርቄ ወቅጬ በቅቤ ለወስሁ። ሥሩ ሲበዛ ያቃጥላል፤ ቅቤው ሲበዛ ያለሰልሳል እንጂ አያድንም። ልኩን ለማግኘት ሰባት ጊዜ በራሴ ክንድ ላይ ቀባሁ፤ ሰባት ጊዜም ተላጥሁ። የብርጓል ክንዴን አይታ «ማን ቀቀለህ?» ብላኛለች። በስምንተኛው ተገኘ፤ አንድ እፍኝ ሥር ለሦስት እፍኝ ቅቤ።

የቀረው ለአርበኞቹ የሚበቃውን ሥር መቆፈር ነበር። የቁፋሮው ሕግ ደግሞ ከልኩ ይብሳል። ሥር የሚቆፈረው ረቡዕ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ቆፋሪው ከመኝታው ተነሥቶ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ከሰው ጋር አይነጋገርም፤ ሰላም ላለው እንኳ አይመልስም። ጥላውም ሥሩ ላይ አያርፍም። ይህን ያፈረሰ እንደሆነ መድኃኒቱ ይረክሳል። የኔታ ይህን ሕግ አርባ ዓመት ጠብቀው ኖረዋል።

በዚያ ሰሞን ግን ከደብረ ማርቆስ የወጣ የጣሊያን ጦር ከኮረብታው ላይ ሰፈረ። በጨለማ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይተኮስበታል። የደምለው ሰዎች ደግሞ ቆዳቸውን ቦጭቀው ሊጨርሱ ነው። ምን ላድርግ? በገበያ ቀን፣ ፀሐይ ሞቃ፣ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ እንደ ገበሬ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ገና ሁለቴ ሳልቆፍር የብርጓል ጌሾ ተሸክማ ወደ ገበያ ስታልፍ አየችኝ።

«አለበል! ምን ቀብረህ ነው የምትፈልገው?»

ዝም አልሁ።

«ምነው? ጣሊያን ምላስህንም ወሰደው?»

የኔታ ይቅር ይበሉኝ፣ ሳቅሁ። አንዴ ከሳቅሁ ወዲያ ዝም ብል ምን ይረባኛል? ጌሾዋን አውርዳ ተቀመጠች፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ተጫወትን። የእኔም ጥላ፣ የእሷም ጥላ፣ የጌሾውም ጥላ ሥሩ ላይ አረፈ። ከሕጉ ያልፈረሰ አልነበረም።

መድኃኒቱን እየፈራሁ ለስድስት አርበኞች ቀባሁ። በስምንተኛው ቀን ቆዳቸው ጠራ። ጦሩ ከኮረብታው ሲነሳ በረቡዕ ሌሊት፣ በባዶ ሆዴ፣ አፌን ዘግቼ ሌላ ሥር ቆፈርሁና ለቀሩት ስድስት ቀባሁ። እነሱም በስምንተኛው ቀን ዳኑ። ደምለው ደስ ብሎት ጥይት ካልተኮስሁ አለ፤ በስንት ልመና አስተውነው። እኔ ግን በጥያቄው ቀን ምን ልል ነው ብዬ ጭንቅ ያዘኝ።

«የረቡዑን ብቻ ንገራቸው። ውሸት አይደል» አለች የብርጓል።

ውሸት አልነበረም። ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ተማሪ፣ በሽተኛ እያቃሰተበት፣ ረቡዕ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ታየኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ለጥያቄ ቆምሁ። ከየኔታ ግራና ቀኝ አለቃ ሙላትና መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ተቀምጠዋል። አለቃ ሙላት ደግ ናቸው፤ ያንቀላፋሉ። መሪጌታ ግን ስንቱን ተማሪ አስለቅሰው የመለሱ ሰው ነበሩ። ስለ ልኩ ጠየቁኝ፤ መለስሁ። ስለ ቅቤው ጠየቁኝ፤ መለስሁ።

«በምን ቀን ቆፈርኸው?»

«ግማሹን ረቡዕ፣ በሕጉ። ግማሹን በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰው ጋር እየተነጋገርሁ።»

አለቃ ሙላት ነቁ። የኔታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ከማን ጋር?» አሉ መሪጌታ።

«ከ... ከአንዲት ልጅ ጋር።»

«ረክሷላ!»

«አልረከሰም፣ መሪጌታ። አሥራ ሁለቱም ሰዎች እኩል ዳኑ።»

መሪጌታ ሊቆጡ ተነሱ፤ ግን ከቁጣቸው በፊት እጃቸው ካባቸው ሥር ገባና ክንዳቸውን ፎከተ። አፍረው አወጡት፤ ተመልሶ ገባ። ለካ እሳቸውም በእከክ ከርመዋል! ጥቂት አሰቡና ሁለቱንም ክንዳቸውን ገልጠው ዘረጉልኝ።

«አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ቀባ። የቱ የቱ እንደሆነ እንዳትነግረኝ። በስምንተኛው ቀን ክንዴ ይፈርዳል፤ በአንዱ ብቻ ከዳንሁ ሁለት ዓመትህን ትወቅጣለህ።»

እነዚያን ስምንት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

በስምንተኛው ቀን መሪጌታ እጅጌአቸውን ሰብስበው መጡ። ሁለቱም ክንዶቻቸው ንጹሕ ናቸው። እያገላበጡ አዩአቸው፤ አለቃ ሙላትም በጣታቸው ዳሰሱ።

«የቱ ነው የገበያው?»

«የቀኙ፣ መሪጌታ።»

ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው በሳቅ ፈነዱ። ስንቱን ያስለቀሱት ሰው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «የልጅቱ አባት ማን ይባላል? ሽማግሌ ሆኜ የምሄደው እኔ ነኝ! ቢጠራጠሩኝ ክንዴን አሳያቸዋለሁ!»

ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ዘወር ስል ግን የኔታ አይስቁም። አዘኑብኝ ብዬ ደነገጥሁ፤ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሣ ልጄ፤ ባንተ አይደለም» አሉኝ። «ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ተነሥታ በሩን ትከፍትልኝ ነበር። ‹ደኅና አደሩ ወይ?› ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ረቡዕ አልመለስሁላትም። መድኃኒቱ ይረክሳል ብዬ።»

የኔታ ሁለት እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ እኔም እያለቀስሁ አሜን አልሁ። ሲጨርሱ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«እንግዲህ መምህር ሆነሃል። ስትቆፍር ደኅና አደርህ ወይ ያለህ ሰው ካለ መልስለት። ተማሪ ስታወጣም ይህን ከልኩ ጋር አስተምር።»