ተራራውን ያላቆሰለው ቤት

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ፣ ማንንም አድንቆ የማያውቅ ሰው ነው። ልጆቹ በድብቅ «መርማሪው» ይሉታል፤ የተገዛለትን ጫማም ሆነ የመጣለትን አማች ገልብጦ ካላየ አይቀበልማ። ትልቋ ልጁ በአርክቴክትነት የተመረቀች ዕለት እንኳ «ሣጥን ለመሣል ይሄ ሁሉ ትምህርት?» ነበር ያላት። ከእንኳን ደስ ያለሽ ይቆጠር ከተባለ እንግዲህ እሱው ነው።

እናም ሚስቱ ከሞተች በኋላ «ከተማው አስጠልቶኛል፣ ተራራው ላይ ቤት ሥሪልኝ» ሲላት እግሯ መሬት አልነካ አለ። ሥራ ሁሉ ጥላ ዳገቱ ላይ ከረመች። ግማሹ አፈር ውስጥ የገባ፣ ጣሪያው ሣር የለበሰ፣ ግድግዳው እዚያው ከተለቀመ ድንጋይ የተገነባ ቤት ነደፈች። «ከታች መንገድ ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ፣ እዚህ ቤት መኖሩን ማወቅ የለበትም» ትል ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቧን የሰረቋት የዳገቱ ዛፎች ናቸው። ሁሉም ከሥራቸው ወደ ቁልቁለቱ ጎንበስ ይሉና፣ ከዚያ ታጥፈው ሽቅብ ቀጥ ይላሉ። የበረንዳው ምሰሶዎች በዚያው ቅርጽ እንዲሠሩ አዘዘች። አናጢው ራሱን አከከና «እኛ የተጣመመ ስናቃና ነው የኖርነው፤ እርስዎ ደግሞ ቀናውን አጣሙልኝ ይላሉ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ዛፎቹ ለምን እንደጎበጡ ግን አልጠየቀችም። የሚያምር ነገር ሲያዩ «ለምን?» ማለት የሚረሱ ሰዎች አሉ፤ እሷም ያው ነች።

መሬቱን ሊመረምር የመጣው የአፈር መሐንዲስ ግን በዋዛ የሚለቅ አልነበረም። «አለት እስኪገኝ ተቆፍሮ መሠረቱ እሱ ላይ ካላረፈ ፕላኑ ላይ አልፈርምም» ብሎ ድርቅ አለ። ያ ማለት ዳገቱን በማሽን መቦርቦር፣ ዛፎቹንም መንቀል ነው። «ተራራውን አላቆስልም» አለች እሷም። ጭቅጭቁ ሲጦፍ፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠው አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ካለች አለች ነው። ሥራዋን ታውቃለች።»

መሐንዲሱ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ፤ በምትኩም የሚፈርም ሌላ መሐንዲስ አልጠፋም። እሷ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ ቢመጣ እንኳ በየት በኩል ይግባ?

ቤቱ አልቆ አባቷ ገባበት፤ ዝናቡም ተከትሎ መጣ። አፈር ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ፣ አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ወርዶ ደወለላት።

«በሩ አኩርፏል» አላት። «ሲዘጋ አይገጥም፣ ሲከፈት ይነክሳል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል። ሌላው እንከን አይወጣለትም!»

መርማሪው እንከን አይወጣለትም አለ! ደስ ሊላት ሲገባ፣ ጆሮዋ ላይ የቀረው ግን አልገጥም ያለው በር ነው። ወዲያው መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ወደ ቤቱ ከመግባቷ በፊት ከጣሪያው በላይ ወጣች። ሣሩ ተሰንጥቋል። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ብትሰድበት ታቹን አላገኘችውም። ስንጥቁ ዳገቱን እያቋረጠ ወደ ጭጋጉ ይገባል። ቀና ስትል ዛፎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ያን ጊዜ ገባት። አፈሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቁልቁል ሲሄድ ሥራቸውን ይዞ ያጎብጣቸዋል፣ እነሱም መልሰው ቀና ይላሉ። ውበት ብላ ምሰሶ ላይ የቀዳችው የመሬቱን ጉዞ ነው። ወደ ቤቱ ሮጠች።

አባቷን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲ ሲያጠልቅ አገኘችው።

«አባባ ተነስ፣ እንሂድ። መሬቱ እየሄደ ነው።»

«ወዴት?» አላት እየሳቀ።

«አትቀልድ። መሐንዲሱ ልክ ነበር፣ ተሳስቻለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ያ ሰውዬ ደወለልሽ?»

«ማንም አልደወለልኝም! በዓይኔ ነው ያየሁት። የሠራሁት ቤት አይረባም አባባ፣ አይረባም!»

«አፍሽን ያዢ!» አለ ብድግ ብሎ። «ድሮም ሰው ካፈጠጠብሽ ትርበተበቺያለሽ። በየአገሩ ስንት ቤት አድሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። የልጄን ሥራ የሚያጣጥል ሰው፣ አንቺም ብትሆኚ፣ እዚህ አይቀመጥም።»

ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ምስጋና ይኸው መጣ፤ መምጫውን አያውቅም እንጂ። እጁን ይዛ ጎተተችው። መሪ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ለመነችው፣ ጮኸችበት፣ እግሩ ላይ ወደቀች። ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠና ሌላውን ካልሲ አጠለቀ።

እሱን ማዘዝ የሚችለው ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ይሰማዋል፣ ካልሰማውም ተሸክሞ ያወጣዋል። ስልኳን ይዛ ወደ መታጠፊያው ቁልቁል ሮጠች። ዝናቡ ጀመረ። ወንድሟ ሲያነሳ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

«አሁኑኑ ና፣ አባባን...»

ከላይ፣ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ቀና አለች። ዛፎቹ እንደቆሙ ይሄዳሉ። ሣራቸውንና ድንጋያቸውን ይዘው፣ ሳይወድቁ፣ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። የሚሄደው የግራው በኩል ብቻ ነው፤ የቀኙ ቆሟል። ከዚህ እንዳይታይ አድርጋ የሠራችው ቤት ከየትኛው በኩል ነው? ዓይኗን ጠረገች። ሣር አየች፣ ድንጋይ አየች። አንድ ጎባጣ ግንድ አየች፤ ዛፍ ይሁን ምሰሶ መለየት አቃታት።

«ምን ሆናችሁ? አባባ የት ነው?» ይላል ወንድሟ በስልኩ ውስጥ እየጮኸ። «ውስጥ ነው? ቤቱ አለ?»

«አላውቅም» አለችው። «አይታየኝም።»