ካርታው ላይ ያለው ቦይ

አሮጊቷ የጽዳት ሠራተኛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድን ትምህርት ቤት ወለል ስትወለውል፣ አንድም ሰው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሏት አያውቅም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዐይንም ያልተፈጠረለት ይመስላቸዋል።

የዚያን ቀን ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ ይወርዳል። አሮጊቷ ተማሪዎቹ በጫማቸው ያስገቡትን ጭቃ ልትጠርግ ፎቅ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ክፍል ገባች። መምህሩ በኮምፒውተር የሚሠራ የጎርፍ ልምምድ ሰጥቷቸው ነበር፤ የዝናቡን መጠን ሲሞሉ፣ በግቢው ካርታ ላይ ሰማያዊ ውሃ ይፈስሳል።

«ሽንት ቤቱን አሰጠምኩት!» ብሎ ጮኸ አንድ ተማሪ።

«ጎበዝ! ፈተናው ያለበትን ቢሮም ጨምርልን!»

መወልወያዋን ተደግፋ አየች። ሰማያዊው ከዳገቱ ወርዶ፣ በቦዩ ታጥፎ ወንዝ ገባ። ግቢው ውስጥ ያለው የሕፃናት ማቆያ ክፍል ደረቅ ቀረ። የልጅ ልጇ እዚያ ተኝቷል።

«ይሄ ቦይ የታለ?» አለች።

«ከሕፃናቱ ክፍል ጀርባ ነዋ፣ እማማ» አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ። «ካርታው ላይ አለ።»

«ካርታህን ውሃ ይብላው! አጥሩን ሲሠሩ ፍርስራሹን ደፍተው ሲሚንቶ ለበጡበት እኮ። እጣቢ ተሸክሜ እስከ በር የምመላለሰው ወገቤን ላፍታታ መሰለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት መነጽራም ተማሪ ግን ቦዩን አጥፍታ፣ የዕለቱን ዝናብ ሞላች። ሰማያዊው አጥሩ ሥር ቆመ፣ አበጠ፣ ከዚያ የሕፃናቱን ክፍል ዋጠው።

«ሦስት ሰዓት ከዘነበ ይገባል ይላል» አለች ስክሪኑን እያሳየች።

«ከጀመረ ስንት ሆነው?» አለች አሮጊቷ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

ሳቁ ጠፋ። አሮጊቷ በመስኮት አየች። ቡናማ ውሃ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሞግዚቷ ልጆቹ ዝናብ ላይ እንዳይወጡ በሩን ከውጭ ቆልፋ እንደምትሄድ ታውቃለች።

«ቆይ፣ ርዕሰ መምህሩን ላስፈቅድ» አለ መምህሩ። «ልምምድ እኮ ነው፣ እማማ። ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል።»

እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«እንዲሳሳት እየጸለይክ ትሮጣለህ! እዚህ ሠላሳ ጎረምሳ አለህ፣ እዚያ ሃያ ስድስት ሕፃን ተኝቷል። ሁሉም አንድ አንድ አንጠልጥሎ ወደዚህ ፎቅ ያውጣ። ፈቃዱን ከዚያ በኋላ ትለምናለህ። ተነሥ! በሩን ስበርልኝ!»