ከጎተራዬ ያልወጣው ሩዝ

አምባውን ዶክተር ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ወረታ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው። አንድ ቀን መምህሩ፣ ጨው ያለበት ውሃ ገንፍሎ እሳት ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ለምን ቢጫ እንደሚሆን ጠየቀ። «ከጨው ነው» ብዬ ለአምባው ሹክ ያልኩት እኔ ነኝ። እጁን አውጥቶ የተናገረው እሱ፣ የተጨበጨበውም ለእሱ። በዚያው ዓመት አባቴ ሲሞት እኔ ትምህርቱን ጥዬ ሞፈር ጨበጥኩ። እሱ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ውጭ አገር ሄዶ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ነበልባል ሲያጠና ኖረ። ነገሩ ከማን አፍ እንደተጀመረ ለማንም አልተናገረም።

ዘንድሮ ጥር ላይ በመኪና ቀበሌያችን መጣ። ከየቤቱ ሁለት ሁለት እፍኝ የተፈለፈለ ሩዝ ስጡኝ አለ። እህሉን ፈጭቶ በአሲድ አሟሙቶ በኃይለኛ እሳት ያነደዋል። ሩዙ ከአፈሩና ከውሃው የጠጣው ማዕድን ሁሉ የየራሱ ቀለም ስላለው፣ መሣሪያው ብርሃኑን ለይቶ የየት ማሳ እንደሆነ ያውቃል ነው የሚለው። ነጋዴው የውጭውን ሩዝ የፎገራ ነው እያለ ስለሚሸጥ፣ የገበሬዎቹ ማኅበር ከእንግዲህ የሚረከበው በዚህ ምርመራ ያለፈውን ሰው እህል ብቻ ነው ተባለ።

ሚስቴ ሙናዬ ደስ አላት። እኔ አላለኝም። እኛ ዘንድ ዘር ያለበት ጎተራ ለእንግዳ ዓይን አይከፈትም፤ ከተከፈተ ሳይነጋ ከሰው ወይ ከከብት አንዱን ክፉ ያገኘዋል ይባላል። ደግሞስ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የኔን እህል የሚፈልገው ለምንድን ነው?

«አንተ ሰው፣ ሁለት እፍኝ እኮ ነው!» አለችኝ።

«ያን ጊዜም አንድ ቃል ነበረች» አልኳት።

በባጃጅ ወረታ ወርጄ ከበላቸው ሱቅ አንድ ኪሎ ገዛሁ።

«የፎገራ ነው?»

«ምን ጥያቄ ነው አንለይ! ጭቃው ገና አልደረቀም» ብሎ ማለልኝ።

ከዚያ ላይ ሁለት እፍኝ ቋጥሬ ለአምባው ሰጠሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበሌው ግቢ ስብሰባ ተጠራን። አምባው ስም እየጠራ «አልፏል፣ አልፏል» ሲል ቆይቶ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንለይ፣ ይሄ ሩዝ እዚህ አልበቀለም።»

«ማሳውን ባሕር ማዶ አዛውሯል ለካ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወዲያው ገባኝ፤ ሰው ነግሮታል። ሙናዬን አየኋት፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባለች። እሷ ትሆን? በላቸው? የባጃጁ ሾፌር?

«ማነው የነገረህ?»

«ሩዙ» አለኝ። «ብርሃኑን አየሁት። የኛ ሜዳ ውሃ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም ከፊት ተቀምጠዋል። «አንተ ልጅ፣ ከመዝገብ ከወጣህ እህልህን ማን ይረከብሃል? ያለውን ተናገር» አሉኝ።

ዝም ብል አጭበርባሪ ተብዬ መሰረዜ ነው፤ የዓመት ልፋቴን በላቸው በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። ብናገር ደግሞ አምባው ፊት መዋረድ ነው።

«ገዝቼው ነው» አልኩ። «ጎተራዬን አልከፈትኩልህም። ለምን እከፍትልሃለሁ? አውቅሃለሁ።»

ሳቁን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። አምባው ሕዝቡን አየ።

«ከራሱ ጎተራ ያልሰጠኝ ሌላ ሰው አለ?»

ሲስቅብኝ የነበረው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። በኋላ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እኔም... ለቤተ ክርስቲያን ከገባው መባ ላይ ነው የሰጠሁህ። የማን ማሳ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።»

«የኔ የጎረቤቴ ነው» አለች ወለተ ሚካኤል። ሌላው ከመፈልፈያው ቤት የለቀመውን ነው የሰጠው። የሁሉም እዚሁ ሜዳ የበቀለ ስለሆነ አልፏል። የተያዝኩት የውጭ የገዛሁ እኔ ብቻ ነኝ።

አምባው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ የየማሳውን ካርታ ሠርቻለሁ» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት የደከምኩት ለዚች ነው። አሁን የትኛው የማን እንደሆነ በምን ልመን?»

ትንሽ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያ ተነሣ። «የተመዘገበ ሰው የለም። እንደገና ነው የምንጀምረው፤ የሚመዘገበው ጎተራውን እፊቴ የሚከፍት ነው።»

እርስ በርስ ተያየን። ማንም ቀድሞ መክፈት አልፈለገም። የኔ ነገር አንዴ ስለወጣ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ና» አልኩት።

መኪናው ከደጅ ይቁም፣ ሌላ ሰው አይግባ፣ የምዘግነውም እኔ ነኝ አልኩ። እሺ አለ። ክዳኑን ሳነሣ ሳልነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የአገሩ ልጅ ስለሆነ ነው ወይስ እኔን ለማለሳለስ? እስካሁን አልገባኝም። ዘግኜ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርኩለትና ጎተራውን መልሼ መረግሁት።

ስንወጣ ግማሹ ቀበሌ አጥሬን ይዞ ቆሟል።

«አወጣህለት?» አሉኝ ቄሱ።

«አወጣሁ።»

ወደ በሬዎቼ አዩ፤ ከዚያ ወደ ሙናዬ፤ ከዚያ ወደ ጎተራዬ።

«ደግ። እኔ ዘንድ ይምጣ እንግዲህ» አሉ። «ዛሬ ግን አይሁን። አንተ ደኅና እደርና ነገ።»