ከጉድጓዱ የወጣው ቤተ ጊዮርጊስ

ካርታ ሠሪዋ ስሜነሽ ለማንም የማስረዳት ትዕግሥት አልነበራትም። ከአየር የተነሱትን ፎቶዎች ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ መሬቱ ከነጉብታው በሚታይበት መነጽር ከፍታውን ነጥብ በነጥብ ለክታ፣ ቁጥሩን አዲስ አበባ ላለው ኮምፒውተር አስገብታለች። ኮምፒውተሩም የላስታን ተዳፋት አትሞ ሰጥቷታል። በካርታው ላይ ከላሊበላ በታች ጎርፍ የማይነካው ሸንተረር ተጋድሟል። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት አርባ አባወራ የሚሰፍርበት አዲስ መንደር ይፈለግ ነበርና፣ ዛሬ ጠዋት እዚያ ምሰሶ ሊተከል ነው።

ገበሬዎቹ «ኧረ እዚያ ክረምት ክረምት ውሃ ይወርዳል» ቢሉ፣ ሊቀመንበሩ ጓድ አረጋ «ከኮምፒውተር ልትበልጡ ነው?» ብሎ ዝም አሰኝቷቸዋል። እሷም ወርዳ አላየችም። ፎቶው እያለ ቁልቁለት መውረድ ምን ይሠራል?

የቤተ ጊዮርጊሱ ቄስ አባ ወልደ ሩፋኤል ድንኳኗ ደጃፍ ቆሙ። «ልጄ፣ በዚህ መነጽር አገሩ ብድግ ብሎ ይታያል አሉ። እስቲ ልየው።»

«ቶሎ ይበሉ አባ፣ ካርታው ላይ ልፈርም ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪወድቅ ዘለሉ።

«ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጉድጓዱ ወጣ! እንደ ማማ ተገትሯል! አርባ ዓመት ቁልቁል ወርጄ የቀደስኩበት፣ እንግዲህ በመሰላል ልወጣ ነው!»

ስሜነሽ መነጽሩን ነጠቀቻቸው። እውነትም ቤተ ጊዮርጊስ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል፤ ወንዞቹም በተራራ ጫፍ ይፈሳሉ። ፎቶዎቹን ገልብጣ ቁጥራቸውን አየች። የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ! እንዲህ ሲቀመጡ ዓይን ይታለላል፤ ጉድጓዱ ተራራ፣ ተራራው ጉድጓድ ይሆናል። ከፍታውን የለካችውም በዚሁ አቀማመጥ ነበር። ሸንተረር ያለችው የጎርፍ መውረጃ ነው።

ሳቋ አመለጣት። «ተአምር አይደለም አባ፣ የኔ ጥፋት ነው!»

«እንግዲያው አንዴ ድገሚልኝና ልጥገበው!»

እሷ ግን ቁልቁለቱን እየበረረች ነበር። ስትደርስ አራተኛው ምሰሶ እየተተከለ ነበር።

«ጓድ አረጋ፣ ይነቀል! ሁሉም ይነቀል!»

«ኮምፒውተሩስ?»

«የነገርኩትን ነው የደገመው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በስሜ ይጻፍ።»

ከገበሬዎቹ አንዱ ከኋላ «እንግዲህ ኮምፒውተሩም የእኛው ሊቀመንበር ቢጤ ነው፤ ከላይ የሰማውን ይደግማል!» አለ። ሳቁ ገደል ለገደል አስተጋባ። አረጋ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። እንባውን እየጠረገ የመጀመሪያውን ምሰሶ ራሱ ነቀለ። ስሜነሽ በሌላው ጫፍ ገብታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና፣ እያለከለከች እየሳቀች፣ ሽቅብ ካርታው ጉድጓድ ብሎ ወዳሳየው እውነተኛ ሸንተረር ትጎትተው ጀመር።